እጅጌው የሚወልቅ በርኖስ

ጎንደር፣ ኅዳር ፯ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዓይናዲስ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ በረዶው መስኮትሽ ስር ተቆልሎ እንደሚሆን እገምታለሁ። እኛ ጋ ገብሱ ታጭዷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። እኔም እናትሽም በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ስለ አዲሱ መድኃኒቴ እናትሽ በስልክ የነገረችሽን አብዝታዋለች። ከቁርስ በፊት የምውጣት አንዲት ትንሽ ፍሬ ናት። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

የጠየቅሽኝን፣ ለአደኑ ምን ልልበስ ያልሽኝን፣ በስልክ መመለስ አልፈለግሁም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እናትሽም መሃል ትገባለች። ነገሩም እንዲያው በሁለት ቃል የሚመለስ አይደለም። ባለፈው ዓመት የእጮኛሽ የኤሚል አባት፣ አያ ስቴን፣ አደን ይዘውሽ ሲወጡ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ጥርስሽ ይንገጫገጭ እንደነበር ነግረሽኛል። እሳቸውም ጠመንጃቸውን ወደ ማኅደሩ መልሰው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ በመኪና ቤት አደረሱሽ። ቢቆጡ ይሻልሽ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ «ከፈለግሽ ነይ» ብለውሻል። አንቺም «አባባ፣ ምንም ባንገድል ግድ የለኝም፤ እስኪመሽ መቀመጥ ነው የምፈልገው» አልሽኝ። ገብቶኛል። ከሠርጉ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ «ያቺ የበረዳት» ተብለሽ እንድትታወቂ እኔም አልፈልግም።

ልብሱን ይዘውልሽ የሚመጡት መሪጌታ ዕንባቆም ናቸው። ስቶክሆልም ባለው ቤተ ክርስቲያን ለገና ጾም እንዲያገለግሉ ተጠርተው ሐሙስ ከአዘዞ ይነሳሉ፤ ከዚያ በፖስታ ይልኩልሻል። ሻንጣቸው ግን በመጻሕፍትና በጸናጽል ሞልቷል።

«ለዓይናዲስ ስል አንድ ልብስ እወስዳለሁ» አሉኝ። «አንድ። በርበሬና ሽሮ እንዳትጨምርብኝ።»

«በርበሬ ልብስ ነው እንዴ መሪጌታ?»

«የየትነበርሽን ነገር አውቀዋለሁ። ኪስ ውስጥ ትከታለች።»

እናትሽ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። አስባው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ ሥራ አንድ ልብስ መምረጥ ሆነ። ጠዋት አጥንት የሚቆረጥመውን ብርድ፣ ረፋድ ላይ የሚወጣውን ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ ሁሉንም የሚችል አንድ ልብስ። ከራሴ አውጥቼ መልሱን ልጽፍልሽ እችል ነበር። ነገር ግን ካደንኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ የለበስኩትን አስታውሳለሁ እንጂ የበረደኝን ረስቻለሁ። ስለዚህ ሞክሬው ልንገርሽ ብዬ ወደ ኮሶዬ ወጣሁ።

ቢሻውን ታስታውሺዋለሽ፤ ገደሉ አፍ ላይ የሚኖረው፣ ትንሽ ሳለሽ የቆቅ ላባ ጸጉርሽ ላይ ይሰካልሽ የነበረው። በወጣትነታችን አብረን ያደንን ነን። ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ልክም ነው። ቢሻው አሁን ድኩላ ሲያይ ቤተሰቡን ጠርቶ ነው የሚያሳየው። እኛም ጠመንጃ አልያዝንም። እንደ አዳኝ ወጥተን፣ እንደ አዳኝ ተቀምጠን፣ ልብሱን ብቻ ልንፈትን ነበር።

በመጀመሪያው ጊዜ የአገራችንን ሰው ስሕተት ሠራሁ። እኛ ብርድ ነው ከተባለ ያለንን ሁሉ ከቤት ለብሰን ነው የምንወጣው፤ ጥጡን ከውስጥ፣ ሱፉን ከላይ። የጥጥ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ሹራብ ደረብኩ፣ ጋቢ ተከናነብኩ፣ ከሁሉም በላይ የአያትሽን ጥቁር በርኖስ ደፋሁበት። ቢሻው ደጁ ላይ ቆሞ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«አያ ዳኛው፣ ምነው ቤቱን ሁሉ ለብሰኸው መጣህ? እትዬ የትነበርሽ ምን ለብሳ ልትውል ነው?»

«ዝም ብለህ ምራኝ» አልኩት።

ሲነጋጋ ተነሣን። ውርጩ ሣሩ ላይ ጨው የተበተነ ይመስል ነበር። የዳገቱን ግማሽ ሳንጨርስ ጀርባዬ በላብ ራሰ። ልብሱ ከብዶኝ ቶሎ ቶሎ እቆም ነበር። ቢሻው በቆምኩ ቁጥር የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ይላል፤ ያደረገው ግን የላስቲክ ጫማ ነው። እንደምንም አናቱ ላይ ደረስን፤ ገደሉን የሚያየው ቋጥኝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ደስ ይላል። ከዚያ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ መጣ። በላብ የራሰው ሸሚዝ ቆዳዬ ላይ ቀዘቀዘ፤ ጋቢውም ላቡን ጠጥቶ ኖሮ ከውስጥ የረጠበ ጨርቅ ሆነ። የበርኖሱ ሱፍ ከላይ ደረቅ ነው፤ ምን ያደርግልኛል፣ ብርዱን ከውስጥ ዘግቼበታለሁ። አገጬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ አንቺን አየሁሽ። ባለፈው ዓመት የሆንሽው ይኸው ነው፤ ከስር የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ያ ወፍራም የላባ ጃኬት፣ በበረዶው ውስጥ ረጅም መንገድ፣ ከዚያ ቁጭ። የበረደሽ ልብስ አንሶሽ አይደለም። ያለ ጊዜው በዝቶብሽ ነው።

አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በአህያ ጭኖ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲያልፍ አየንና ቆመ።

«እንደምን አደራችሁ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ብርድ እያደንን ነው» አለው ቢሻው።

ሰውዬው እኔን ትንሽ አየኝ። «ታዲያ ቀድሞ እሳቸውን ያዛቸው እኮ» ብሎ አህያውን ነዳ።

ቢሻው እስከ ቤቱ ድረስ ሳቀ። ሚስቱ ትኩስ የባቄላ ሾርባ አቀረበችልኝ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ መጠጣት አልቻልኩም ነበርና ሰሃኑን እሷ ያዘችልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስኩ። አሁን ግን ከቆዳዬ ጋር የሚነካካውን ጥጥ አውጥቼ ስስ የሱፍ ሹራብ ብቻ ለበስኩ፣ ከላዩ ቀለል ያለች ጃኬት፣ እሷም ቁልፏ የተከፈተ። በርኖሱን ጠቅልዬ ልይዘው ስል ቢሻው ከእጄ ነጥቆ ትከሻው ላይ ጣለው። ስንነሣ በረደኝ። ጥሩ ነው፤ ሲሄዱ መብረድ አለበት። ላብ ሳይወጣ በዝግታ ነው የሄድነው። አናቱ ላይ ግን አልወጣሁም። ከዳገቱ ወገብ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ቋጥኝ መረጥኩ፤ ለፈተናው ያው ነው፣ ነፋሱ እዚያም ይደርሳል። ቢሻው በርኖሱን ሰጥቶኝ ወደ ላይ ወጣና ቆይቶ ተጣራ።

«አያ ዳኛው! ምነው ቀረህ?»

«ከዚህ ሸጋ ይታያል!» አልኩት።

ከዚያ የሚታየው የቢሻው ጫማ ብቻ ነበር። ቢሆንም ፈተናው ሠራ። እስትንፋሴ እስኪረጋጋ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ደረቅ ገላዬ ላይ በርኖሱን ደረብኩ፤ ነፋሱ መጥቶ ሲያልፍ ሌላ ሰው የሚነካ ይመስለኝ ነበር። ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል ተቀመጥኩ።

ችግሩ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። በርኖስ ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም። ሲሞቀኝ ባወልቀው ነፋስ ይመታኛል፤ ልልበሰው ብል ያልበኛል። እጄም ከውስጡ ታስሯል፤ አዳኝ እጁን ለማውጣት ትከሻውን ሁሉ ሲገልጥ አውሬው አይቶት ይሄዳል። ቢሻው ከላይ ወርዶ አጠገቤ ሲቀመጥ በርኖሱን አንዴ ሳወልቅ፣ አንዴ ስለብስ አገኘኝ።

«አንተን የሚሞቅህ ክንድህ ነው» አለኝ። «ደረትህን ሸፍነህ ክንድህን ብታወጣ አይሻልም?»

ልክ ነበር። እጅጌው የሚወልቅ፣ ፊቱ የሚከፈት ልብስ ነው የሚያስፈልግሽ። እንዲህ ያለው ሱፍ ደግሞ ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም፤ ያለው ትከሻዬ ላይ ነበር።

ቢሻው «በሚመጣው ዓመት ከላይ እንቀመጣለን» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እሱ ወደ ገደሉ አየ፣ እኔ ወደ መንገዱ።

በማግሥቱ በርኖሱን ይዤ ወደ አዳነ ሄድኩ። አዳነ አራዳ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ነው፤ የተመረቅሽበትን ቀሚስ የሰፋልሽ። በርኖሱን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋው እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ።

«አያ ዳኛው፣ ቁልፍ ልትከልበት?»

«ልትቆርጠው ነው።»

«እጄ እምቢ ይላል። ይህን የሠሩት ሰዎች ዛሬ የሉም። ብሳሳት በምን እተካዋለሁ?»

«አትሳሳት እንግዲህ።» የምፈልገውን ነገርኩት፤ እስከ ጭን የሚወርድ፣ ሲቀመጡ ጫፉ ከስር የሚገባ፣ ትልልቅ ቁልፍ በጓንት የሚፈታ፣ እጅጌው ትከሻ ላይ በቁልፍ የሚያያዝ።

«እጅጌው የሚወልቅ በርኖስ!» አለ ለጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ጮክ ብሎ። «ነገ ደግሞ አንገትጌው ብቻውን በእግሩ ይምጣ ይሉኛል!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎስ? ኮሶዬ ሲወጡ ምን ሊለብሱ ነው?» አለኝ።

«እኔ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው። ለዚያ ጋቢ ይበቃኛል።»

አዳነ ጠመኔውን አነሣ። ገበር ሊያደርግበት ሲል ከለከልኩት፤ ያ የሚያብለጨልጨው ጨርቅ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። የላባ ጃኬትሽም እንዲያ ነው፤ አያ ስቴን ዝም ያሉት በጆሯቸው እያደኑ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ይህ ልብስ ግን ዝምተኛ ነው። ስታነሺው ቢከብድሽ አትደንግጪ፤ ስትለብሺው ይቀላል። የቤት ሽታ ይኖረዋል። በረንዳ ላይ ለጥቂት ቀን ስቀዪው፣ ሽታው አውሬ እንዳያባርርብሽ።

አሁን እንዴት እንደምትለብሺው ልንገርሽ። ከቆዳሽ ጋር የሚሆነውን እዚያው ግዢ፤ ስስ፣ የማይኮሰኩስ ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ እንዳይነካሽ። ስትሄጂ በርኖሱን ያለ እጅጌው ልበሺ፣ ፊቱን ክፈቺው፣ ይብረድሽ። ብርዱን ፈርተሽ ቁልፉን እንዳትዘጊው፤ ያ ፍርሃት ነው ከሰዓት በኋላ የሚያንቀጠቅጥሽ። ቦታሽ ስትደርሺ ወዲያው አትቀመጪ። ቆም በዪ፣ ላብሽ ይድረቅ፣ ውስጥ ልብስሽ ከረጠበ በቦርሳሽ የያዝሽውን ደረቁን ቀይሪ፤ ብርድ ቢመስልሽም ቀይሪ። ከዚያ እጅጌውን አያይዢ፣ ፊቱን ዝጊ። ፀሐይ ከወጣ መጀመሪያ እጅጌውን፣ ቀጥሎ ቁልፉን ፍቺ፤ ደመና ሲመለስ ቶሎ ዝጊ፣ እስኪበርድሽ አትጠብቂ። እግርሽ ላይ ሁለት ካልሲ አድርገሽ ጫማው ከጠበበሽ አንዱን አውልቂው፤ የታሰረ እግር አይሞቅም። አያ ስቴን የሚያደርጉትን ብርቱካንማ ቆብም አድርጊ። ስትነግሪኝ ስቄ ነበር፤ አውሬ ለማድፈጥ የሚሄድ ሰው እንደ መንገድ ሠራተኛ ለብሶ! ቀለሙን አውሬው እንደማይለየው፣ ሰው ግን ከሩቅ እንደሚያየው ስታስረጂኝ ነው የገባኝ። ሌላ ጥይት የያዘ ሰው ዱሩ ውስጥ ካለ ይይሽ።

እዚህ ላይ ነገሩ አልቆ ነበር፤ እናትሽ ባትመጣበት። አዲስ ጋቢ አሠርታልሻለች። ድርብ፣ ወፍራም፣ ነጭ። ልብሱ ተጣጥፎ ሳለ አምጥታ ከላዩ አስቀመጠችው።

«የትነበርሽ፣ አንድ ልብስ ተብሏል» አልኳት።

«እሱ አንድ ነው፣ ይሄ ጋቢ ነው።»

«ጋቢ ልብስ አይደለም?»

«ጋቢ ጋቢ ነው!»

ጥጥ ላብ እንደሚጠጣ፣ ኮሶዬ ላይ እንዴት እንዳንቀጠቀጠኝ አስረዳኋት። ደግሞም ነጭ ነው፤ አውሬ ነጭ ከሩቅ ያያል፣ እኛ ስናድን ጋቢያችንን ጭቃ እናስነካው እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ባለፈው ዓመት የላክሽላትን ፎቶ ፈልጋ አፍንጫዬ ስር አቀረበችው። አያ ስቴን በረዶ ላይ ቆመዋል፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ የደረቡት ነገር አለ።

«ይኸውልህ!» አለች። «ሰውዬው ጋቢ ለብሷል!»

ጋቢ አይደለም ልል ፈለግሁ። በረዶ ላይ ለመደበቅ የሚደረብ ስስ ነጭ ልብስ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ፎቶውን ብዙ ባየሁት ቁጥር እውነቱ ወደ እናትሽ እያደላ ሄደ። በእኛ አገር አዳኝ መሬት ይመስላል፤ በእናንተ አገር መሬቱ ነጭ ነው። ነጩ ጋቢ እዚያ ይደብቅሻል። ላቡም ቢሆን፣ እስክትቀመጪ ካልለበስሽውና በደረቅ ብርድ ከላይ ብቻ ከደረብሽው አይነካውም። ብቻ በረዶው የሚረጥብ ቀን ከሆነ ከቦርሳሽ አታውጪው። እንዲህ አድርጌ ጥቂት ሁኔታ ጨምሬ ተሸነፍኩ። እናትሽ ስለ ሁኔታዎቹ ግድ አልነበራትም።

የቀሩት መሪጌታ ናቸው። እነግራቸዋለሁ ብዬ ሳስብ እሷ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ነግራቸው ነበር። ሻንጣቸው ውስጥ አይገባም። ለብሰውት ይሄዳሉ። «ካህን ጋቢ ለብሶ አውሮፕላን ቢወጣ ማን ምን ይለዋል?» አለቻቸው። እሳቸውም አሰቡና «እውነትሽን ነው፣ አውሮፕላኑም ይበርዳል ይላሉ» አሉ። እኔ አንድ ልብስ ለመምረጥ ሁለቴ ተራራ ወጣሁ፤ እሷ ሁለተኛውን በካህን ትከሻ ላከችው። በርበሬውን ስለመክተቷ አልጠየቅሁም። የበርኖሱን ኪስ ፈትሺ።

ስለ ጋቢው አንድ ነገር ልጨምር። ታስታውሺ እንደሆነ አላውቅም፤ ትንሽ ሳለሽ ቢሻው ጋ አድረን ማለዳ ቆቅ ልናይ ስንወጣ በእኔ ጋቢ ውስጥ አብረን እንቀመጥ ነበር። አንገትሽን ብቻ አውጥተሽ «አባባ፣ እንዳትተነፍስ፣ ይሰሙናል» ትዪኝ ነበር። ጋቢ ሰፊ ነው፣ ለሁለት ይበቃል። አያ ስቴን ሸምግለዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አይበርደኝም ይሉ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ ይላል። አትጠይቂያቸው። ዝም ብለሽ ግማሹን አልብሻቸው። ባለፈው ዓመት ቤትሽ ያደረሱሽ እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነበርኩም።

ከበርኖሱ ለተረፈው አትዘኚ። አዳነ ሳልጠይቀው ቆብ ሰፍቶልኝ ኖሯል፤ የራሴን ልክ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ልክክ አለ። ይህን ስጽፍ አድርጌዋለሁ። እናትሽ ቤት ውስጥ አውልቀው ትለኛለች፤ እኔ እምቢ ብያለሁ። ከቢሻው ጋር በስልክ እንገናኛለን። ከላይ ሆኖ የሚያየውን ይነግረኛል፤ ትናንት አንዲት ድኩላ ከግልገሏ ጋር ውሃ ልትጠጣ ወረደች አለኝ።

እግዚአብሔር እግርሽን በረዶ ላይ ያጽናልሽ፤ ደረቅ ልብስ፣ ትኩስ ምግብና አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አያሳጣሽ። ኤሚልን ሳሚልኝ። ለአባቱ ሰላምታዬን አድርሺ፤ በአገራችን ልማድ አያ ስቴን እያልኩ እንደምጠራቸውም ንገሪያቸው።

ምን እንደገደላችሁ አትጻፊልኝ። ፀሐይ ስትገባ ከቦታሽ እንዳልተነሣሽ ብቻ ጻፊልኝ። ይበቃኛል።

አባትሽ
ዳኛው